ማሕሌትን በሁለት ጆሮ መቅዳት፦ የማን ጭንቅላት?

ይህን ጥያቄ የድምፅ ሥራ የምንሠራ ሰዎች በምንወያይበት መድረክ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት መልስ መጣ። አንዳንዱ ከረር ያለ ነው፤ አንዳንዱ ከርእሱ ወጥቷል። ብዙ ስለተማርኩበት ግን ሌላም ሰው ይጠቀምበት ብዬ በራሴ አነጋገር በተራ አስቀምጬዋለሁ። የውጭ ታሪኮቹ ዓመተ ምሕረት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

የመክፈቻው ጽሑፍ

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ቆመው አገልግለዋል። አሁን ጆሯቸው ደክሟል፤ መስሚያ መሣሪያ ያደርጋሉ። እኔ ደግሞ የምተዳደረው በድምፅ ቀረጻ ነው።

ማሕሌት ስንቀዳ እስካሁን የምናደርገው ያው ነው። ወይ አንድ ማይክ መሪው ፊት እንተክላለን፣ ወይ ከሚክሰሩ ገመድ እንስባለን። ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። ግን ሁሉም ነገር አንድ ቦታ ላይ ተከምሮ ነው የሚሰማው። ማሕሌት ደግሞ እንደዚያ አይደለም። ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። ቀኝ ጌታ፣ ግራ ጌታ የሚባለው ማዕረግ ራሱ ከዚህ አቋቋም ጋር የተያያዘ ነው። ከበሮው መሀል አለ፤ ጸናጽሉ ከግራም ከቀኝም ይመጣል። እኔ መቅዳት የምፈልገው እዚያ መሀል የቆመ ሰው በሁለት ጆሮው የሚሰማውን ነው።

ለዚህ ሥራ ሰው ሠራሽ ጭንቅላት የሚባል ነገር እንዳለ አነበብኩ። የሰው ጭንቅላት ቅርጽ ነው፤ በሁለቱ ጆሮዎቹ ውስጥ ማይክ አለው። በእሱ የተቀዳውን በኤርፎን ስትሰሙት ቦታው ላይ የቆማችሁ ይመስላችኋል። ከቻይና በርካሽ የሚመጣ አንድ አገኘሁ። የሲሊኮን ጆሮ አለው፤ ከጆሮው በስተኋላ ‹711› የሚባል የብረት ቱቦ ተገጥሞለታል። ሻጩ የሄድፎን መፈተሻ ነው ይላል። የኔ ግምት እንዲህ ነው፦ መፈተሻ ከሆነ ከመቅጃ የበለጠ ትክክለኛ መሆን አለበት፤ የጆሮ ቀዳዳው ሳይቀር ተሠርቶለታልና። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

መልሶቹ

መልስ 1። ጀርመን የሚኖርና የድምፅ መለኪያ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ወንድም በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ፣ ግምቴ ግን የተገላቢጦሽ እንደሆነ ነገረኝ። ጭንቅላቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመቅጃው ጭንቅላት፣ ለምሳሌ ኖይማን የተባለው የጀርመን ማይክ አምራች ኬዩ 100፣ የጆሮ ቀዳዳ የለውም። ማይኩ ያለው ቀዳዳው ይጀምርበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። የመፈተሻው ጭንቅላት፣ እንደ ኬማር ወይም እንደ ዴንማርኩ ብሩል እና ኬር ያለው፣ ቀዳዳም የጆሮ ታምቡር ምትክም አለው። ሥራውም ሄድፎን፣ ስልክና መስሚያ መሣሪያ ሲገጠምለት ታምቡሩ ላይ የሚደርሰውን ድምፅ መለካት ነው። በመፈተሻው የቀዳሁትን በኤርፎን ብሰማው ድምፁ መጀመሪያ በአሻንጉሊቱ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በራሴ ቀዳዳ ያልፋል። ሁለት ጊዜ ማለት ነው። 3,000 ኸርዝ (በሰከንድ 3,000 ንዝረት) አካባቢ ያለው ጉልበት ተደራርቦ ጆሮ የሚወጋ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ጥሩ መለኪያ ሁሉ ጥሩ መቅጃ ይመስለኝ ነበር።

መልስ 2። 711 ምንድን ነው ሲል አንድ ተማሪ ጠየቀ።

መልስ 3። ያው የላቦራቶሪው ሰው መለሰለት። የድሮው የአይኢሲ (የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) መስፈርት ቁጥር ነው፤ አሁን 60318-4 ይባላል። ታምቡርና የጆሮ ቀዳዳ ለድምፅ የሚያሳዩትን ጠባይ የሚያስመስል ትንሽ የብረት ዕቃ ነው። እስከ 8,000 ወይም 10,000 ኸርዝ ድረስ ይታመናል። ከዚያ በላይ ግን የራሱ ጩኸት አለው፤ 13,000 ኸርዝ አካባቢ ቱቦው ራሱ ያስተጋባል። የጸናጽል ጥራት ያለው እዚያው ላይ እንደሆነ አስታወሰኝ።

መልስ 4። ሒሳብ የሚወድ ሰው መልስ 1 የጠቀሰው 3,000 ኸርዝ ከየት እንደመጣ አሳየ። የጆሮ ቀዳዳ ርዝመት 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ በኩል ክፍት፣ በሌላው በታምቡር የተዘጋ ቱቦ ከርዝመቱ አራት እጥፍ ለሚሆን ሞገድ ያስተጋባል። 343 ሜትርን ለ0.1 ስናካፍል 3,430 ኸርዝ ይወጣል። የጆሮው አፍ ላይ ያለው ጎድጓዳ ቱቦውን ትንሽ ስለሚያስረዝመው ቁጥሩ ወደ 3,000 ይወርዳል። ዋሽንት የሚነፋ ሰው በቀላሉ ይገባዋል ብሎ ጨመረ። እኔም ዋሽንት ስለምሞክር ወዲያው ገባኝ።

መልስ 5። በሬዲዮ ሥራ ያረጁ አንድ ጋሼ ገቡ። ወጣቶች ይህን ነገር ትናንት የተፈጠረ አድርጋችሁ ታወራላችሁ ብለው በትንሹ ቆጣ አሉ፤ ቀጥለው ግን ደስ የሚል ታሪክ አወጉን። በ1881 በፓሪስ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ላይ ክሌማን አዴር የሚባል ሰው በኦፔራው መድረክ ፊት ማይኮች ደርድሮ ነበር። ድምፁን በስልክ ሽቦ ወደ ኤግዚቢሽኑ አመጣው። ሰው ለየጆሮው አንድ አንድ መስሚያ ይዞ ሲያዳምጥ ዘፋኙ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ይሰማው ነበር። በ1933 ደግሞ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች በቺካጎው የዓለም ትርኢት ላይ ኦስካር የተባለ አሻንጉሊት አቀረቡ። ኦስካር ጆሮዎቹ አጠገብ ማይኮች ነበሩት። ጎብኚዎች መስሚያ አድርገው ኦስካር የሚሰማውን ይሰሙ ነበር። ከዚያ በ1973 በበርሊኑ የሬዲዮ ትርኢት የኖይማን ኬዩ 80 ወጣ፤ በዚያው ሰሞን በእሱ የተቀዳ የሬዲዮ ድራማ ተላለፈ። ጀርመኖቹ ነገሩን ኩንስትኮፕፍ ይሉታል፤ ሰው ሠራሽ ጭንቅላት እንደማለት ነው። ጋሼ የደመደሙት ፋሽኑ ወዲያው ሞተ፣ ዕቃው አልሠራምና ብለው ነው።

መልስ 6። መልስ 5ን በአክብሮት ያረመ ሰው መጣ። አልሠራም ማለት ልክ አይደለም፤ ሁለት ችግር ነበረበት አለ። አንደኛው፣ ፊት ለፊት ያለ ድምፅ ለብዙ ሰው ከኋላው ወይም ከራሱ ውስጥ ይሰማዋል። ሁለተኛው፣ በስፒከር ሲከፈት ቃናው ይበላሻል። ሁለተኛውን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በወጣው ኬዩ 81 ላይ አስተካከሉት፤ በ1992 የወጣው ኬዩ 100 ያንኑ መንገድ ተከትሏል። የመጀመሪያው ችግር ግን እስከ ዛሬ አለ። የኬዩ 100 ዋጋ ከ7,000 ዩሮ በላይ መሆኑንም ነገረን። ይሄኔ እኔ ስለመግዛት ማሰብ አቆምኩ።

መልስ 7። ከዐረብ አገር አንዲት እኅት ጻፈች። የድምፅ ባለሙያ አይደለችም፤ ወንድሟ ነው ወደ መድረኩ ያስገባት። በሰው ቤት ትሠራለች። ማሕሌት የምትሰማው ሌሊት ሥራ ሲያልቅ፣ በኤርፎን፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ነው። ድምፅ ከፍቶ መስማት አትችልም። አሁን የሚለቀቁት ቅጂዎች ከስልኳ ውስጥ የሚወጡ ይመስላሉ አለች። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የቆመች የሚመስላት ከሆነ እጠብቃለሁ ብላ ጨረሰች።

ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። የምሠራው ለማን እንደሆነ የዚያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

መልስ 8። አንድ የስቱዲዮ ባለቤት ሁሉንም አጣጣለ። ጭንቅላት ምናምን ማስታወቂያ ነው፤ ማንም በሄድፎን አይሰማም፤ ሰው የሚያዳምጠው በስልክ ስፒከርና በታክሲ ቴፕ ነው አለ። ሁለት ኮንደንሰር ማይክ ተክለህ ግራና ቀኝ ክፈላቸው፣ ትንሽ ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት) ጨምርበት፣ አለቀ። በዚህ ጊዜ ማባከን የሥራ ፈት ሥራ ነውም ብሏል።

መልስ 9። ላንዱ ሥራ ፈት የሆነው ለሌላው እንጀራው ነው የሚል ምላሽ ከአንድ ልጅ መጣ። መልስ 7ን ሳያነብ የጻፈ ሰው ስለአድማጭ ማውራት አይገባውም ብሎ በጣም ጠንከር አድርጎ ተናገረው።

መልስ 10። የስቱዲዮው ባለቤት ተመልሶ መጣ። ልጁ ማይክ ይዞ የማያውቅ ነው አለ። አስተዳዳሪው ሁለቱንም ረጋ በሉ ብሎ አስጠነቀቀ።

መልስ 11። ከሁሉም የወደድኩት ይህን ነው። የጻፈችው ፊዚክስ የምታስተምር ሴት ናት፤ ለመልስ 8 ሳትሳደብ መለሰችለት። ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው በሁለት ነገር እንደሆነ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1907 አስረድቷል። አንዱ የጊዜ ልዩነት ነው፤ ድምፁ ለቀረበው ጆሮ ቀድሞ ይደርሳል። ሌላው የጉልበት ልዩነት ነው፤ ጭንቅላት ለሩቁ ጆሮ እንደ ግድግዳ ይጋርደዋል።

ከዚያ የኔን ማሕሌት ወስዳ አስረዳችበት። የከበሮው ወፍራም ድምፅ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው እንበል። ሞገዱ 3.4 ሜትር ይረዝማል። ለእንደዚህ ያለ ሞገድ የሰው ጭንቅላት ምኑም አይደለም፤ ዞሮት ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱ ጆሮዎች እኩል ጉልበት ይሰማሉ፤ ከበሮው በግራ መሆኑን የምናውቀው በጊዜው ብቻ ነው። ጸናጽሉን ግን 6,000 ኸርዝ ብንለው ሞገዱ 6 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ጭንቅላት ይከልለዋል። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል እስከ 20 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) የሚደርስ ልዩነት ሊመጣ ይችላል።

ድምፅ በአንድ ጎን ሲሆን ትልቁ የጊዜ ልዩነት ስንት ነው? የጭንቅላትን ግማሽ ስፋት 8.75 ሴንቲ ሜትር ይዛ፣ ድምፁ ጭንቅላቱን ዞሮ የሚሄድበትን አስልታ 0.66 ሚሊ ሰከንድ አወጣች። በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚወስድ ቅጂ ላይ 31 ናሙና ያህል ነው። ጆሯችን ግን ከዚህም እጅግ ያነሰ ልዩነት ይለያል።

ስለዚህ መልስ 8 እንዳለው በሚክሰር ግራና ቀኝ መክፈል ጉልበቱን ይሰጣል፣ ጊዜውን አይሰጥም። ሁለት ማይክ ባዶ ዘንግ ላይ አራርቆ ማሰር ጊዜውን ይሰጣል፣ ጥላውን አይሰጥም። ጭንቅላት ሁለቱንም አብሮ ይሰጣል። የጆሮው ጠመዝማዛ ቅርጽ ደግሞ የፊቱን ከኋላው፣ የላዩን ከታቹ ለመለየት ይረዳል።

የስቱዲዮው ባለቤት ከዚህ በኋላ አልተመለሰም። በስፒከር ስለማዳመጥ ያነሣው ነጥብ ግን እውነት አለው፤ መልስ 6ም ብሎታል።

መልስ 12። አንድ ሰው የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ የድምፅ ፍጥነት ይለያል፣ ስለዚህ ለጀርመን የተሠራ ጭንቅላት እዚህ አይሠራም አለ።

መልስ 13። የላቦራቶሪው ወንድም አረመው። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ አይደለም። 15 ዲግሪ ላይ ባሕር ዳርቻም ይሁን እንጦጦ ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ከፍታው የሚነካው ሌላ ነገር አለ አለ። ማይክ ለማስተካከል የሚጠቀሙበት ፒስተንፎን የሚባል መሣሪያ አለ፤ የታወቀ መጠን ያለው ድምፅ ያወጣል። ያ ድምፅ ከአየሩ ግፊት ጋር አብሮ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ መሣሪያው 2.4 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ብሎ ይጮኻል። ባሮሜትር አይቶ ያላረመ ሰው ልኩን ይስታል። የ711 ቱቦም ውስጡ ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ ስለሚሠራ በከፍታ ጠባዩ ይቀየራል። እዚህ አገር ድምፅ የምትለኩ ሁሉ ይህቺን ያዙልኝ።

መልስ 14። ከዚህ ተነሥቶ ወሬው ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ ሽንብራም ለምን እንደሚቆይ አንዱ አብራራ። ሁለት ሰው አመሰገነው።

መልስ 15። ዲያቆን የሆነ አባል ወደ ጉዳዩ መለሰን። ንግግሩ ጨዋ ነበር፤ አቋሙ ግን ጠንካራ። አሻንጉሊት ጭንቅላት ቅኔ ማሕሌት ውስጥ በዘንግ ላይ ሰክቶ ማቆም አይሆንም አለ። ምእመናን ይደነግጣሉ፣ ልጆች ይሥቃሉ፣ ሊቃውንቱም ልባቸው ይሰረቃል። ፈቃድ ብጠይቅም የሚሰጠኝ እንደማይመስለው ነገረኝ።

መልስ 16። በነጠላ ሸፍነው የሚል ሐሳብ ከሌላ ሰው መጣ።

መልስ 17። መምህሯ ነጠላው ጆሮውን ከሸፈነ ቀጫጭኑን ድምፅ ይበላዋል አለች። ዲያቆኑም የተሸፈነ ጭንቅላት ይባስ ያስፈራል ብሎ ጨመረ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ለብቻዬ አስቤው ቢሆን ይህ ጉዳይ በጭራሽ አይመጣልኝም ነበር።

መልስ 18። የዱር እንስሳትን ድምፅ የሚቀዳ ወጣት መፍትሔ አመጣ። ጭንቅላት ለምን ትገዛለህ፣ አንተው አለህ አይደል? ሁለት ትንንሽ ማይኮች ጆሮህ ደጃፍ ላይ አድርገህ ቁም አለኝ። ኖይማንም እንኳ ጭንቅላቱን የሠራው ሰውን ለመተካት ነው። እሱ የሚጠቀመው ፕሪሞ ኢኤም 272 የሚባለውን የማይክ ፍሬ ነው። የራሱ ሹክሹክታ 14 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ጫካ ውስጥ ጸጥታን ሳይቀር ይቀዳበታል። ስፖንጅ ነገር አልብሶ ጆሮ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ገመዱን በአንገቱ ዙሪያ ወደ መቅጃው ይወስዳል። ጠቅላላ ወጪው ከኔ ቻይናዊ ጭንቅላት ያንሳል።

መልስ 19። ዲያቆኑ ይህን ወደደው፤ ወዲያው ግን አንድ ችግር አየ። ሰው ማሕሌት ላይ ዝም ብሎ አይቆምም። ዝማሜ አለ፤ በመቋሚያው እየተመራ ሰውነት ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ወረቡ ሲሞቅ ጭንቅላት አብሮ ይሄዳል።

መልስ 20። የላቦራቶሪው ሰው ጉዳዩ ከባድ መሆኑን አረጋገጠ። የቀጂው ጭንቅላት በዞረ ቁጥር አድማጩ ሳይንቀሳቀስ ዓለሙ ይዞርበታል። ራስ ያዞረዋል። የአሻንጉሊት ትልቁ ጥቅሙ አለመንቀሳቀሱ ነው። በተቃራኒው አድማጩ ራሱን ሲያዞር ድምፁ ቦታውን እንዲይዝ የሚያደርግ ዘዴም አለ። አልጋዚ፣ ዱዳና ቶምፕሰን በ2004 የጭንቅላት መጠን ባለው ኳስ ዙሪያ ብዙ ማይክ ደርድረው ሠርተውታል፤ አድማጩ ወዴት እንደዞረ እየታየ ከማይኮቹ ይመረጣል። እሱ ግን ከኔ አቅም በላይ ነው።

እኔ እዚህ ላይ ገብቼ የሞከርኩትን ጻፍኩ። ከአንድ ጓደኛዬ ማይኮቹን ተውሼ፣ ግቢያችን ውስጥ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሁለት የአብነት ተማሪዎች ጸናጽል ይዘው፣ አንዱ ፊቴ አንዱ ግራዬ ሆነው ቆሙልኝ። ቀድቼ እኔ ስሰማው ልክ ነው፤ ፊት ያለው ፊት፣ ግራ ያለው ግራ። አባቴ መስሚያ መሣሪያቸውን አውጥተው በትልቅ ሄድፎን ሰሙት። የግራውን በእጃቸው አሳዩኝ። የፊቱ ልጅ ግን ከኋላቸው የቆመ መሰላቸው። ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ከኋላ ነው አሉኝ።

መልስ 21። አንዱ የአባትህ ጆሮ ስለደከመ ነው፣ በእሳቸው መሞከር አልነበረብህም አለ። አነጋገሩ ከበድ አለኝ፤ መልስ አልሰጠሁትም።

መልስ 22። አውሮፓ ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ ክሊኒክ የምትሠራ እኅት በርጋታ አስረዳች። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል አለች። አንደኛው፣ አባቴ የሰሙት በኔ ጆሮ ቅርጽ የተቀዳውን ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት ግን የራሳቸውን ነው። የጆሮ ቅርጽ እንደ አሻራ ከሰው ሰው ይለያያል። ኬማር የተሠራው ይህንን በአማካይ ለመፍታት ነበር። በ1972 የመስሚያ መሣሪያ ክፍሎች የሚሠራው ኖውልስ ነው ያወጣው፤ የአዋቂ ሰው አማካይ ልኬት ተወስዶለታል። ጆሮዎቹም በመጠን ይለያያሉ። ትንሹ ጆሮ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ሴቶች እንዲሁም ለጃፓኖች ይስማማል ተብሎ ሲቀርብ፣ ትልቁ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ወንዶች ነው። በ1994 ኤምአይቲ ውስጥ ጋርድነርና ማርቲን ኬማርን በ710 አቅጣጫ ሲለኩት በግራው ትንሹን፣ በቀኙ ትልቁን ጆሮ ገጥመው ነበር። ያ ልኬት በነፃ ስለተለቀቀ ዛሬ ብዙ ፕሮግራም ውስጥ አለ። የኛ ሰው ጆሮ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አልተጠቀሰም።

ሁለተኛውን ምክንያት ስትናገር በጥንቃቄ ነበር። ፊትና ኋላን የሚለየው ምልክት በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ያንን ነው። በዚያ ላይ ከጆሮ በስተጀርባ የሚደረግ መስሚያ መሣሪያ ማይኩ ከጆሮው ቅርጽ በላይ ስለሚቀመጥ ቅርጹ የሚሰጠውን ምልክት አይወስድም። ስለዚህ በራሳቸው ጆሮ ቢቀዳም ለእሳቸው ላይለይ ይችላል፤ ተስፋህን በልክ አድርገው አለችኝ። እውነቱን ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ።

መልስ 23። አንዱ ለ3,000 ብር የሚሆን ጥሩ ኤርፎን መርካቶ ውስጥ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 24። ዲያቆኑ ተመልሶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። አባትህ አሁንም ይዘማሉ ወይ?

አይዘሙም። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ተደግፈው፣ ሳይንቀሳቀሱ ይቆማሉ። ሌሎቹ ሲወዛወዙ እሳቸው እንደ ምሰሶ ናቸው። ይህን ስጽፍ የሚፈልገው ጭንቅላት ቤታችን ውስጥ እንደነበረ አየሁ። የማይንቀሳቀስ፣ የሊቃውንቱ ጆሮ ያለው፣ ማንንም የማያስደነግጥ፣ በቦታው ላይ የሚቆም። የጆሯቸው ድካም ውስጥ ነው፤ የውጩ ቅርጽ እንዳለ ነው። ማይኩ የሚወስደው ደግሞ የውጩን ነው።

የክሊኒኳ እኅት ትክክል ነው አለች። ግን መስሚያ መሣሪያቸውን ለዚያ ሌሊት ማውጣት እንዳለባቸው አስታወሰችኝ። አባቴን ጠየቅኳቸው። ወረቡን ሳልሰማው አውቀዋለሁ፤ ሊቃውንቱ ሲነሡ አይቼ እነሣለሁ አሉኝ።

መልስ 25። የዱር እንስሳቱ ወጣት የአሠራሩን ዝርዝር ሰጠኝ። ሁለቱንም ማይክ በአንድ ልክ ክፈት፣ አውቶማቲክ መጠን ማስተካከያውን አጥፋ፣ 24 ቢትና 48 ኪሎ ኸርዝ አድርግ። ከተቀዳ በኋላ ሪቨርብ አትጨምር፣ አታስፋው፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ አትንካ። ከበሮው ሲመታ እንዳይሰነጠቅ ከፍተኛው ላይ ቢያንስ 12 ዴሲቤል ክፍት ቦታ ተው። ለመልስ 7 እኅት ስትልክ ደግሞ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት አታድርገው፤ አንድ ቻናል አድርጎ ያጠፋዋል። ፋይል አድርገህ ላክ።

መልስ 26። መምህሯ ስለጥምጥሙ ጠየቀች። ጥምጥሙ የጆሯቸውን ጫፍ ይነካል ወይ? ይነካል አልኳት። እንግዲያው እንዳለ ተወው፣ እሳቸው የሚሰሙት እንደዚያው ነው አለች። ገመዱንም በጥምጥሙ እጥፋት ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል።

ማይኮቹ ደርሰዋል። የደብሩ አስተዳዳሪም ፈቅደዋል። የምንቀዳው በጽጌ፣ የመጀመሪያው እሑድ ሌሊት ነው። ፋይሉን እዚሁ እለጥፈዋለሁ። በኤርፎን ስሙት፤ የግራው ኤርፎን ግራ ጆሮ ላይ መሆኑን አረጋግጡ።